ስለ ባሮ ወንዝ መስክና በውስጡ ስለሚኖሩ ብርቅ አራዊት

ለገጠር ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው የሚነበብ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ወንዝና ወንዙ በየዓመቱ እየሞላ ስለሚያለብሰው ሜዳ ነው። ወንዙ ባሮ ይባላል፤ ሜዳውም በምዕራብ ኢትዮጵያ በጋምቤላ ምድር የተዘረጋው ሰፊ መስክ ነው። ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ይህን መስክ በዓይናቸው አላዩትም። ነገር ግን በኢሉባቦርና በወለጋ ደቡብ፥ በሸካም ደጋ የምትኖሩ ሁሉ፥ በየደጃችሁ የሚያልፈው ጅረት መጨረሻው ወደዚያ ስለ ሆነ፥ ሳታውቁት የዚያ መስክ ጎረቤቶች ናችሁ። በአጥር የሚዋሰኑ ጎረቤታሞች ቢጣሉ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃቸዋል፤ በውኃ የሚዋሰኑ ጎረቤታሞች ግን ብዙ ጊዜ አይተዋወቁምና፥ አንዱ ሌላውን ሲበድል በዳዩም ተበዳዩም ነገሩን ሳያውቁት ይቀራሉ። ስለዚህ መተዋወቁ ይቅደም።

አስቀድሞ ውኃው ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። በኢሉባቦር ያለው የጎሬና የመቱ ደጋ በአገራችን ዝናም እጅግ ከሚበዛባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው፤ በሌላው አገር ክረምቱ ሦስት ወይም አራት ወር ሲሆን፥ በዚያ ግን ዝናሙ ከበልግ ጀምሮ እስከ መኸር ድረስ አይቋረጥም ማለት ይቻላል። ይህ ሁሉ ዝናም በጫካው ቅጠል ላይ ወርዶ፥ በቡናው ጥላ ሥር ሰርጎ፥ በየሸለቆው ባለው ጨፌ ውስጥ ተጠራቅሞ፥ ጥቂት በጥቂት ወደ ወንዝ ይለቀቃል። ታላቅ ፏፏቴ ያለው ሶር ወደ ገባ ይገባል፤ ገባም ከወለጋ በኩል ከሚመጣው ከብርብር ጋራ ተገናኝቶ ባሮ የተባለው ወንዝ ይሆናል። ውኃው ከ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ፥ በገደልና በጠባብ ሸለቆ እየተወረወረ ወርዶ፥ ጋምቤላ ከተማ ሲደርስ ከፍታው ወደ 500 ሜትር ብቻ ይሆናል።

ከዚያ ወዲያ ምድሩ እንደ ምጣድ የተስተካከለ ነው። ወንዙ የሚሮጥበት ቁልቁለት ስለሚያጣ እየተጠማዘዘ በዝግታ ይሄዳል፤ በስተደቡቡም አልዌሮና ጊሎ አኮቦም የተባሉት ወንዞች እንዲሁ ወደ ምዕራብ ይወርዳሉ። በክረምት የደጋው ዝናም በአንድነት ሲደርስ የወንዙ አፋፍ ሊይዘው አይችልምና ውኃው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይፈስሳል፤ ዓይን እስከሚያየው ድረስ ያለው ሣር በውኃ መካከል ይቆማል። ዝናሙ ሲያባራ ውኃው ተመልሶ ወደ አልጋው ይገባል፤ በየጎድጓዳውም ኩሬና ረግረግ ትቶ ይሄዳል። ባሮ በመጨረሻው ከፒቦር ጋራ ሲገናኝ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም በደቡብ ሱዳን ከነጭ አባይ ጋራ ይቀላቀላል። በማላካል ከተማ አጠገብ ከሚያልፈው ከነጭ አባይ ውኃ ግማሽ ያህሉ በዚህ በሶባት በኩል የሚመጣ ነው። ስለ አባይ ስንናገር ጣናን ብቻ የምናስብ ሰዎች ይህን ብናስተውል መልካም ነበር።

በደጋ ያለን ሰዎች ጎርፍ የተባለውን ነገር ስንሰማ፥ አፈር የሚጠርግ፥ ከብት የሚወስድ፥ ድልድይ የሚሰብር ጠላት ሁኖ ይታየናል። በባሮ መስክ ያለው የወንዝ ሙላት ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ውኃው ሲወጣ ከደጋ ያመጣውን ደለል በሜዳው ላይ ያሳርፋል። ዓሣውም ከወንዙ ወጥቶ ጥልቀት በሌለውና ፀሐይ ባሞቀው ውኃ፥ በሣሩ መካከል እንቁላሉን ይጥላል፤ ጫጩቶቹ በዚያ ምግብ አግኝተው ያድጋሉ፤ ውኃው ሲሸሽ ከርሱ ጋራ ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። የአኙዋክ ሰዎች ይህን ቀኑን ቈጥረው ያውቁታል፤ ውኃው ሲጎድል በወንዙ ዳር የቀረውን እርጥብ አፈር በቆሎና ማሽላ ይዘሩበታል፤ ዓሣውንም በየመመለሻው ጠብቀው ያጠምዱታል። የኑዌር ሰዎች ደግሞ በክረምት ከብቶቻቸውን ይዘው ውኃ ወደማይደርስበት ከፍ ወዳለው ምድር ይወጣሉ፤ በበጋ ሌላው አገር ሲደርቅ፥ ውኃው ለቆት የሄደውን ለምለም ሣር ተከትለው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። እንግዲህ ሙላቱ ባይመጣ እርሻውም ዓሣውም ግጦሹም ይጎድላል። ይህን ስል ሙላቱ ክፋት የለውም ማለቴ አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. ክረምት ባሮ ከልኩ አልፎ የጋምቤላን ከተማ ሳይቀር እንዳጥለቀለቀና ብዙ ሰው ከቤቱ እንዳፈናቀለ የሚታወቅ ነው።

ስለ ወንዙ ካነሣሁ አይቀር፥ ምንም እንኳ ከነገሬ ጥቂት ቢያወጣኝ፥ አንድ ታሪክ ልጨምር። በኢትዮጵያ ውስጥ የእንፋሎት መርከብ እየመጣ የሚጫንበትና የሚራገፍበት ወንዝ ባሮ ብቻ ነበረ። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት ውል፥ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሠራበት ቦታ ተፈቀደ፤ ጣቢያውም በጋምቤላ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ወንዙ ሲሞላ መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ጨውና ጨርቅ ያራግፉ፥ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ይጭኑ ነበር። በበጋ ግን ውኃው ስለሚያንስ መርከብ አያልፍም ነበርና፥ ነጋዴው ሁሉ የደጋውን ዝናም ይጠባበቅ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ጣቢያው ተዘጋ።

አሁን ወደ አራዊቱ እንመለስ። በባሮና በጊሎ ወንዞች መካከል ያለውን መስክ መንግሥት በ1966 ዓ.ም. ገደማ የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ብሎ ከለለው። ፓርክ ማለት እንስሳቱና ዕፅዋቱ በተፈጥሯቸው እንዲኖሩ፥ አደንና ምንጣሮ የተከለከለበት ጥብቅ ምድር ማለት ነው። ለብዙ ዘመን ግን ወሰኑ በካርታ ላይ ቢሣልም በሕግ አልጸናም ነበር፤ በዚህም ምክንያት አንዱ ሲያርስ ሌላው ሲሠፍር ከልካይ አልነበረውም። በኋላ ወሰኑ እንደ ገና ተለክቶ ስፋቱ 4,575 ካሬ ኪሎሜትር እንዲሆን ተደረገ።

በዚህ መስክ ከሚኖሩት አዕዋፍ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው፥ ዐረቦች አቡ መርኩብ ማለት ባለ ጫማው ብለው የሚጠሩት ወፍ ነው። ይህን ስም ያገኘው መንቆሩ ሰፊና ወፍራም፥ ጫፉም እንደ መንጠቆ የተቈለመመ ሁኖ፥ ሲያዩት ትልቅ የእንጨት ጫማ ስለሚመስል ነው። ላባው አመድማ ነው፤ ሲቆም ቁመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል፤ ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሁለት ሜትር ያልፋል። የሚታወቅበት ጠባዩ ትዕግሥት ነው። በረግረጉ ውስጥ በተንሳፋፊ ሣር ላይ እንደ ተተከለ ግንድ ለብዙ ሰዓት ሳይነቃነቅ ይቆማል፤ ከዚያም ዓሣ ከውኃው በላይ ብቅ ሲል፥ መላ ሰውነቱን ወደ ፊት ጥሎ ከነጭቃው ከነሣሩ ያፍሰዋል፤ ቀጥሎ ራሱን እያወዛወዘ ጭቃውን ይተፋና ዓሣውን ይውጣል።

ከሚበላቸው ዓሦች አንዱ ሳንባ ያለው ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ እንደ ሌሎቹ በውኃ ውስጥ ባለው አየር ብቻ አይኖርም፤ ወደ ላይ እየወጣ እንደ እኛ አየር ይስባል። ረግረጉም ሲደርቅ በጭቃው ውስጥ ተቀብሮ፥ ከሰውነቱ በሚወጣው ልጋግ ተሸፍኖ፥ ዝናም እስኪመለስ ድረስ ሳይበላ ሳይጠጣ ይቆያል። ወፉ አየር ሊስብ የወጣውን ጊዜ ጠብቆ ይይዘዋል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ዓሣው ለመኖር አየር ያስፈልገዋል፥ ወፉም ለመኖር የዓሣው መታፈን ያስፈልገዋል። ውኃው ጥርት ያለና የሚሮጥ ቢሆን ኖሮ ዓሣው አይታፈንም፥ ወፉም አይጠግብም ነበር። ረግረግ ለሰው የማይረባ የሚመስለው ይህ የተኛው ውኃ ነው፤ ለዚህ ወፍ ግን ጎተራው ነው።

ባለ ጫማው ብቻውን መኖር ይወዳል፤ ከሴቲቱ ጋራ ጎጆ የሚሠራው ሰውና ከብት በማይደርሱበት፥ ውኃ በከበበው ሣር ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት እንቁላል ይጣላል፤ የሚያድገው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ጫጩት ነው። ፀሐዩ ሲበረታ ወላጆቹ በዚያ ትልቅ መንቆራቸው ውኃ እየቀዱ በእንቁላሉና በጫጩቱ ላይ ያፈሳሉ። እንዲህ ያለ ጥቂት የሚወልድ ወፍ ሰው ጫጩቱን ለመሸጥ ሲወስድበት ወይም ጎጆው በእሳት ሲቃጠል ፈጥኖ ሊተካ አይችልም። በዓለም ሁሉ ያለው ቍጥሩ ከ10,000 እንደማይበልጥ ሊቃውንት ይገምታሉ።

ሁለተኛው ብርቅ እንስሳ የናይል ሌችዌ የሚባለው ነው። ይህ የአጋዘን ዓይነት እንስሳ ነው፤ የሚኖረው በደቡብ ሱዳን ረግረጎችና በእኛ በጋምቤላ ብቻ ነውና በሌላ አገር ዱር ቢፈልጉት አይገኝም። ወንዱ ጥቁር ቡናማ ሲሆን ከማጅራቱ እስከ ትከሻው እንደ ነጭ ነጠላ የወረደ ምልክት አለው፤ ሴቲቱ ቀይ ዳማ ናት፥ ቀንድም የላትም። ሰኮናው ረጅምና ክፍት ስለ ሆነ በጭቃ ላይ አይሰምጥም፤ ሌላው እንስሳ አንበሳ ሲያይ ወደ ደረቅ ምድር ሲሮጥ፥ ሌችዌ ግን ወደ ውኃ ይገባል። በ1975 ዓ.ም. ገደማ በሱዳን ረግረግ በተደረገው ግምት ከ30,000 በላይ ነበረ፤ በ1999 ዓ.ም. ከአውሮፕላን በተቈጠረ ጊዜ ግን ከ5,000 ያነሰ ሁኖ ተገኘ። በዚህ በሁለቱ ቈጠራዎች መካከል ያለው ዘመን የጦርነት ዘመን ነበረ። በእኛ ወገን በዱማ ረግረግ የሚገኘው መንጋ ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱም ነው እጅግ እንድንጠነቀቅለት የሚያስገድደን።

የሦስተኛው ነገር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ነጭ ጆሮ ቆርኬ ቍጥሩ እንደ አሸዋ የበዛ ነው። በ2015 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን በአውሮፕላን ተቈጥሮ ውጤቱ በ2016 ዓ.ም. በተነገረ ጊዜ፥ ከአምስት ሚሊዮን በላይ መሆኑ ተገመተ። ወንዱ ሲጎለምስ ጠቍሮ ጆሮው ነጭ ሁኖ ይታያል። ይህ እንስሳ በአንድ ስፍራ አይቀመጥም፤ ውኃውንና ለጋውን ሣር እየተከተለ በቦማ ምድርና በጋምቤላ መስክ መካከል ይመላለሳል። በምድር ላይ ከሚደረገው የአራዊት ጉዞ ሁሉ ይህ ታላቁ ነው ይባላል። አኮቦን ሲሻገር ፓስፖርት አይጠየቅም፤ ወሰኑ የእኛ እንጂ የእርሱ አይደለምና። ስለዚህ አንዱ መንግሥት ብቻውን ቢጠብቀው በቂ አይሆንም፤ በአንደኛው ወገን የዳነው በሁለተኛው ወገን ሊታረድ ይችላል። ደግሞም ብዛቱ ማንንም አያታልል፤ የሚያልፍበት መንገድ በእርሻና በአጥር የተዘጋ ቀን፥ መንጋው የሚደርስበት ውኃ ያጣል።

ዝሆንና ጎሽ፥ ጉማሬና አዞ፥ አንበሳም በዚያ አሉ፤ እነዚህን ስለምታውቋቸው አልዘረዝርም።

አሁን ብዙ ሰው በልቡ የሚያስበውን ጥያቄ ላንሣ። «ሰው ሲራብ አውሬ የሚጠበቀው ለምንድን ነው? ይህን የሚያህል ሜዳ ቢታረስ አገር ሁሉ አይጠግብም ወይ?» የሚል አለ። ይህ የአላዋቂ ጥያቄ አይደለም፤ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ሜዳው በእውነት ለእርሻ የሚመች ነው፤ በደርግ ዘመን በአልዌሮ ላይ ግድብ ተሠርቷል፥ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህም ሰፋፊ መሬት ለትልልቅ እርሻዎች ተሰጥቷል። ነገር ግን ከእነዚህ ከተሰጡት መሬቶች ብዙው ጫካውና ሣሩ ከተመነጠረ በኋላ ሳይለማ ቀርቷል፤ አንዳንዱም ገበሬ ያሰበውን አዝመራ ሳያገኝ ያው የወንዝ ሙላት እርሻውን አጥለቅልቆበታል። ሙላቱን ለመከልከል ውኃውን በካብ ያጠረ ደግሞ፥ ለዓሣው መራቢያውን፥ ለከብት አርቢው የበጋ ሣሩን ያስቀርበታል። ስለዚህ ክርክሩ በሰውና በአውሬ መካከል ነው የሚለውን ንግግር እኔ አልቀበለውም፤ ብዙውን ጊዜ ክርክሩ ዛሬ ከሜዳው በሚኖር ሰውና ነገ ከሜዳው ሊጠቀም ባሰበ ሌላ ሰው መካከል ነው፤ አውሬው ከመጀመሪያው ሰው ጋራ ወግኗል።

ይሁን እንጂ ለነዋሪውም እውነቱን መንገር ይገባል። ከጥንት ጀምሮ በጦር የሚያድን ሰው የጎዳው ጥቂት ነው፤ በጥይት የሚያድንና ሥጋውን ለገበያ የሚያወጣ ሰው ግን በአንድ በጋ መንጋ ይጨርሳል። በደቡብ ሱዳን በ2006 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ስደተኞች ወደ ጋምቤላ መጥተዋል፤ ነፍሳቸውን ለማዳን የመጡትን ሰዎች መቀበል የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ነገር ግን ይህ ሁሉ ሰው የሚያበስልበት እንጨትና የሚሠራበት ሣር ከአንድ ቦታ ይወሰዳል። እሳቱም እንዲሁ ነው፤ ሣሩ ገና እርጥበት ሳለ በበጋው መግቢያ ቢቃጠል ለጋ ሣር ያወጣል፤ ሁሉ ከደረቀ በኋላ ቢለቀቅ ግን እስከ ረግረጉ ዳር ገብቶ ጎጆውንም ዛፉንም ይበላል። የወሩ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፥ የጥፋቱ ልዩነት ግን ብዙ ነው።

ከዚህ በኋላ የደጋውን ድርሻ ልናገር። በኢሉባቦር በየሸለቆው ጨፌ አለ። ከጨፌው የሚታጨደው ሣር ቤት ይከደንበታል፥ በበዓልና ቡና በሚፈላበት ጊዜ ወለል ላይ ይጎዘጎዛል፤ ከሥሩም የሚመነጨው ውኃ በበጋ ይጠጣል። በቆሎ ለመዝራት ብለው ጨፌውን በቦይ የሚያጠነፍፉ ገበሬዎች አሉ፤ ከዳሩ ጥቂቱን ብቻ ወስዶ መካከሉንና ራስጌውን የተወ ሰው እህልም ውኃም አገኘ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያደረቀ ሰው ግን ጥቂት ዓመት በቆሎ ካገኘበት በኋላ ምንጩ ደርቆ፥ መሬቱም ጠንክሮ ቀረበት። ይህ በገዛ ቀበሌው የሚያየው ጉዳት ነው። የማያየው ደግሞ፥ ጨፌና ጫካ ያልያዙት ዝናም በአንድ ቀን ተንደርድሮ ወርዶ በጋምቤላ ቤት እንደሚያፈርስ፥ በበጋም የሚወርድ ውኃ አጥሮ ባለ ጫማው የቆመበት ረግረግ እንደሚሰነጠቅ ነው። በገባ ወንዝ ዳር ያለው የያዩ የቡና ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዓለም መዝገብ የተጻፈው ለቡናው ዘር ሲባል ነው፤ ነገር ግን የባሮን ውኃ በመጠበቅ የሚሠራው ሥራ ከዚያ ያነሰ አይመስለኝም።

በመጨረሻ ለተማሪዎች አንድ ሥራ ልስጥ። ከትምህርት ቤታችሁ አጠገብ ጅረት ያላችሁ፥ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት በሳንቲሜትር እየከፈላችሁ ምልክት አድርጉበትና በጅረቱ ዳር አጽንታችሁ ትከሉት። በየሳምንቱ ሰኞ ጧት ውኃው የደረሰበትን ቍጥርና የውኃውን መልክ፥ ማለት ጥርት ያለ ወይም የደፈረሰ መሆኑን፥ ከቀኑ ጋራ በአንድ ደብተር ጻፉ። በጋምቤላ ቆላ ያላችሁ ተማሪዎችም እንዲሁ አድርጉ፤ ነገር ግን በዚያ አዞ ስላለ እንጨቱን የሚተክለውና ቍጥሩን የሚያየው ዐዋቂ ይሁን፥ እናንተ ከሩቅ ሁናችሁ ጻፉ። መምህራኑ ደብተሮቹን በዓመቱ መጨረሻ ቢለዋወጡ፥ በጎሬ ከፍ ብሎ የታየው ውኃ ስንት ቀን ቆይቶ ኢታንግ እንደ ደረሰ ማወዳደር ይቻላል።